የአጎቴ መድኃኒትና የወንድ ውሾች ዘር ፍሬ

ቡራዩ የሚኖሩት አጎቴ ለአስማቸው ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን ወስደዋል። ትንፋሻቸውን አቃናላቸው፤ አጥንታቸውን ግን አሳሳው። ሐኪማቸው ሪሴድሮኔት የተባለ የአጥንት መድኃኒት ሲያዝላቸው ካርቶኑ ውስጥ የነበረችውን እጥፍጥፍ ወረቀት ይዘው መጡና «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» አሉኝ። በደቃቅ እንግሊዝኛ ከተጻፈው መሐል አንዱ መስመር ላይ ስደርስ ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። ስለ ወንድ አይጦችና ውሾች ዘር ፍሬ የሚናገር ነበር።

አጥንታችን ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይገነባል። አፍራሾቹ ሕዋሳት ገንቢዎቹን ሲበልጧቸው ብል እንደበላው እንጨት ይቦረቦራል። ሪሴድሮኔት አጥንት ላይ ይጣበቅና አፍራሾቹን ያደክማል። አሜሪካ ውስጥ አጥንታቸው ለሳሳ ወንዶች የተፈቀደው በ2006 እ.ኤ.አ. ነው። ጠዋት በባዶ ሆድ በውሃ ይዋጣል፤ ከዚያ ለ30 ደቂቃ ጋደም ማለት የለም።

ወደ ዘር ፍሬው ነገር ስንመለስ፣ ሱሉልታ ውስጥ ኮርማ የሚመርጥ አርቢ ቆለጡን ሳያይ አይገዛም፤ የእንስሳት ሐኪምም ዙሪያውን በሜትር ይለካል። ትንሽ ከሆነ ዘሩም ያንሳልና። ኮርማ ቆለጡ ሲያብጥ ብሩሴሎሲስ የተባለ የጀርም በሽታ ይጠረጠራል። የአጎቴ ወረቀት ግን የሚያወራው ስለ ጀርም ሳይሆን ስለ መድኃኒት መጠን ነው።

ለ13 ሳምንታት ሪሴድሮኔት በቀን በኪሎ ክብደት 16 ሚሊግራም የተሰጣቸው ወንድ አይጦች ዘር ፍሬያቸው ኮሰሰ። በኪሎ 8 ሚሊግራም የተሰጣቸው ወንድ ውሾች ደግሞ የዘር ሕዋሳታቸው ሳይበስሉ መንገድ ላይ ቀሩ። መጠኑና ጊዜው ሲጨምር ጉዳቱም ባሰ።

እዚህ ላይ ብዕር አንስቼ ከአጎቴ ጋር አሰላን። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በውሾቹ ልክ ቢወስድ በቀን 480 ሚሊግራም ይደርሰዋል። ለአጥንት መሳሳት የሚታዘዘው የዕለት መጠን ግን 5 ሚሊግራም ነው። ተመራማሪዎች የሰውንና የእንስሳን መጠን የሚያነጻጽሩት በክብደት ብቻ ሳይሆን በሰውነት ገጽ ስፋትም ስለሆነ ልዩነቱ በዚያ ስሌት በጣም ይጠብባል። ቢሆንም እንስሳቱ የወሰዱት ከሰው መጠን እጅግ የላቀ ነበር። በሙከራ ላይ መጠኑ ሆን ተብሎ ከፍ የሚደረገውም የቱ አካል እንደሚጎዳ አስቀድሞ ለማወቅ ነው።

አጎቴ የልጅ ልጅ አይተዋል፤ እሳቸውን የሚያሰጋቸው ወድቆ ዳሌን መሰበር ነው። መድኃኒቱን እንዲቀጥሉ መከርኳቸው። ገና ልጅ መውለድ የሚያስብ ወጣት ግን ይህን ሐሳቡን ለሐኪሙ ሳይደብቅ ይንገር፤ ማፈር አያስፈልግም። ያልጠበቃችሁት ነገር ከገጠማችሁ ደግሞ መድኃኒቱን በራሳችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት ለፋርማሲስቱ ንገሩት። ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የሚላከውን ቢጫ ቅጽ እንዲሞላላችሁም ጠይቁት።