ዳባዲ፦ ከአሥራት ቤት እስከ ብራና መለያ

ቀሐ መጀመሪያ የጎንደር ወንዝ ነው። ሰፈሩም ቀሐ፣ ቤተ ክርስቲያኑም ቀሐ ኢየሱስ የተባሉት ከወንዙ ወስደው ነው። እዚያ የተወለደ ልጅ ግን በአባቱ ስም ይጠራል እንጂ ቀሐን ከስሙ ጋር አይሸከምም። ካሳ ኃይሉን፣ የኋላውን ዓፄ ቴዎድሮስን፣ ሕዝቡ የቋራው ካሳ ቢለውም ልጁ ዓለማየሁ ቴዎድሮስ ነው የተባለው፤ ቋራ አልተወረሰም።

ፈረንሳይ ውስጥ ግን የቦታ ስም ለልጅ ልጅ ይተላለፋል። ከእነዚህ ስሞች መካከል ጎንደርን በጣም የሚነካት ዳባዲ ነው። “አባዲ” በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ አነጋገር ገዳም ማለት ነው፤ ዳባዲም የአባዲው ሰው። በቤአርንና በባስክ አገር ግን መነኩሴ የማይኖርበት፣ ባለርስቱ የአጥቢያውን አሥራት የሚሰበስብበት ቤትም አባዲ ይባል ነበር፤ ባለቤቱን የደብር ጉልት እንደያዘ የጎንደር መኳንንት ማሰብ ነው። እንዲህ ያለው ቤት በየመንደሩ ስለነበረ ስሙን የያዙት ሁሉ ዘመዳሞች አይደሉም።

ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲና ታናሽ ወንድሙ አርኖ በ1838 እ.ኤ.አ. ጎንደር ገቡ። ሊቅ አጽቁ ቤታቸው ተቀበሏቸው፤ ያለ እንዲህ ያሉ ሊቃውንት ቸርነት ከዚያ በኋላ የመጣው ሁሉ ባልሆነ ነበር። አንቷን ለዓመታት ከረመ፤ ቃላት ለቀመ፣ ብራና ገዛ፣ አስገለበጠም። የአማርኛ መዝገበ ቃላቱ በ1881 ፓሪስ ታተመ።

አገሩ ተመልሶ አንዳይ ከተማ አጠገብ፣ አትላንቲክ ዳር ያሠራው ግንብ አባዲያ ይባላል፤ ከቦታ የወጣው ስም ዞሮ የቦታ ስም ሆነ። እዚያ በምግብ አዳራሹ ወንበሮች መደገፊያ ላይ የእኛ ፊደላት ሰፍረዋል። ወንበሮቹ በተራቸው ሲደረደሩ ፊደላቱ ይገጥሙና በዚህ ማዕድ ከሃዲ እንዳይገኝ ፈጣሪን የሚለምን ዓረፍተ ነገር ይወጣቸዋል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ ግን የብራናዎቹ ነገር ነው። አንቷን በ1859 ባሳተመው ዝርዝር 234 ቁጥሮች አሉ፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት የሚታወቁት “ዳባዲ” በሚለው ስምና በቁጥራቸው ነው። ብራናውን የፋቀው፣ ቀለሙን የበጠበጠው፣ ወገቡ እስኪጎብጥ የጻፈው የእኛ ሰው ሆኖ ሳለ መጠሪያው የገዢው ሆኗል። በየዝርዝሩ ከቁጥሩ አጠገብ የጸሐፊው ስምና መጽሐፉ የወጣበት ደብር፣ በሚታወቅበት ሁሉ፣ እኩል ጎልቶ ቢታተም ደስ ይለኛል። እስከዚያው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብን ፓሪስ ሄዶ በእጅ ጽሑፉ ማየት የሚሻ የጎንደር ተማሪ መጠየቅ ያለበት ዳባዲ 215ን እና ዳባዲ 234ን ነው።