«ናሙና» እና «አብነት»፦ የጦማር ድረ ገጽን አስቀድሞ በተዘጋጀ ይዘት ስለ ማቋቋም

አዲስ የጦማር ድረ ገጽ የሚያቋቁም ባለሙያ አስቀድሞ የሚገጥመው ችግር የገጹ ባዶነት ነው። የርእሱ መጠን፣ የአንቀጹ ስፋትና የሥዕሉ አቀማመጥ የሚመዘኑት ጽሑፍ ሲገባባቸው ነው፤ የጦማሪው ጽሑፍ ግን ገና አልተጻፈም። ስለዚህ ባለሙያው አንድ ጊዜ አዘጋጅቶ በፋይል ያኖረውን ይዘት በየአዲሱ ድረ ገጽ ያስገባል፤ ቅርጹን ካረጋገጠ በኋላ ያስወግደዋል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው ዎርድፕሬስም ገና ሲተከል አንድ የናሙና ጽሑፍና አንድ የናሙና ገጽ ይዞ ይመጣል።

ይህን ይዘት በአማርኛ «ናሙና» ወይም «አብነት» ማለት ይቻላል ተብሎ ሊታሰብ ይችላል፤ ሁለቱ ቃላት ግን አንድ አይደሉም። ናሙና ከብዙው ተወስዶ ብዙውን የሚያሳይ ጥቂት ነው፤ ነጋዴ ከጆንያ ዘግኖ ለገዢ የሚያሳየው እህል ናሙና ይባላል። አብነት ግን ሌላው አይቶ የሚከተለው አርአያ ነው። በመሆኑም ጸንቶ የሚኖረው የገጹ ቅርጽ «አብነት»፣ ለመፈተኛ ገብቶ የሚወጣው ጽሑፍ «የናሙና ይዘት» ቢባል ተገቢ ነው። ስያሜዎቹ ከተቀላቀሉ ጦማሪው ሊሰርዘው የሚገባውን ጽሑፍ ሊከተለው እንደሚገባ መመሪያ ቆጥሮ ለአንባቢ ሊያወጣው ይችላል።

ሦስተኛው «መሙያ ጽሑፍ» ነው። በዚህ ረገድ የታወቀው ሎሬም ኢፕሱም ሲሆን፣ ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ45 ዓመት ከጻፈው መጽሐፍ ተቆራርጦ የተወሰደ ነው፤ «ሎሬም» ራሱ «ሕመምን» የሚል ፍች ካለው «ዶሎሬም» የተቆረጠ ነው። ትርጉም ስለሌለው ተርጓሚ ቃል በቃል ሊመልሰው አይገባም፤ በላቲን ፊደል ስለተጻፈም የአማርኛን ገጽ አይፈትንም።

ስለዚህ ለአማርኛ የሚዘጋጅ የናሙና ይዘት የሚከተሉትን ሊያሟላ ይገባል።

ሀ/ ረዥም ርእስ። አንድ የግዕዝ ፊደል በድረ ገጽ አድራሻ ውስጥ ሲለወጥ 9 ምልክት ይሆናል፤ «ሰላም» ብቻውን 27 ይወስዳል። ዎርድፕሬስ ለአንድ ጽሑፍ መጠሪያ የሚፈቅደው 200 ምልክት በመሆኑ፣ በሌላ አጭር ስያሜ ካልተተካ ከ22 ፊደል በኋላ ያለው ከአድራሻው ይቀራል። አጭር ርእስ ብቻ የያዘ ናሙና ይህን ጉድለት ይሸፍናል።

ለ/ ሞክሼ ፊደላት። «ዓለም» እና «አለም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» በናሙናው ውስጥ ሁለቱም ይግቡ። የድረ ገጹ መፈለጊያ ፊደልን እንጂ ድምፅን ካላወቀ፣ በአንደኛው አጻጻፍ የሚፈልግ አንባቢ በሌላው የተጻፈውን አያገኝም።

ሐ/ ረዣዥም ቃላት። «እንደሚያስፈልጋቸውም» ያለ ቃል በጠባብ ዓምድ ውስጥ መግባቱ መታየት አለበት።

መ/ ሥርዓተ ነጥብና አኃዝ። የተመረጠው የፊደል ቅርጽ አራት ነጥብን፣ ድርብ ሰረዝንና የግዕዝ አኃዝን ካልያዘ ገጹ ከሌላ ቅርጽ ስለሚዋስ መልኩ ይዘበራረቃል።

እንዲህ ያለው ናሙና አንድ ጊዜ በጥንቃቄ ከተጻፈ ለብዙ ድረ ገጾች ያገለግላል። ጽሑፉን ማዘጋጀት ግን የድረ ገጽ ሠሪው ብቻ ሳይሆን ቋንቋውን የሚያውቀው ሰውም ሥራ ነው፤ ፈታኙ ጽሑፍ አማርኛ ካልሆነ የተፈተነው ገጽም ለአማርኛ የተዘጋጀ አይሆንምና።