ከማረሚያ ቤት በኋላ ዋስ የሚሆነው ማን ነው?

«ማረም» የሚለውን ቃል ታውቁታላችሁ? ገበሬ ማሳውን ያርማል፤ አረሙን ነቅሎ ሰብሉን ይተዋል። መምህር ፈተና ያርማል። እኔም የሶፍትዌር መሐንዲስ ስለሆንኩ ቀኑን ሙሉ ስህተት ሳርም እውላለሁ። እስር ቤት «ማረሚያ ቤት»፣ እስረኛውም «ታራሚ» የሚባለው ከዚሁ ቃል ነው።

ታርሞ የወጣውን ሰው ግን ማን ይቀበለዋል? እኔ በምኖርበት በአሜሪካ ከእስር የተፈታ ሰው ቶሎ የሚያስፈልገው መታወቂያ፣ ማደሪያና ሥራ ነው። ብዙ የሥራ ማመልከቻ ላይ ደግሞ «ተፈርዶብህ ያውቃል?» የሚል ትንሽ ሳጥን ይጠብቀዋል። የእኔ ሙያ ይህችን ሳጥን ይበልጥ አክብዷታል። ዛሬ «አዎ» ያለውን አመልካች ኮምፒውተሩ ማንም ሳያየው ሊጥለው ይችላል። ለዚህ አንድ መስመር ትእዛዝ ይበቃል።

መንግሥት ለዚህ ችግር የተለያዩ መፍትሔዎችን ሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2008 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት «የሁለተኛ ዕድል ሕግ» ለሥራ ሥልጠና፣ ለመኖሪያና ለሱስ ሕክምና ድጋፍ መንገድ ከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች «ሥራውን እንሰጥሃለን» ከማለታቸው በፊት ስለ ወንጀል ታሪክ እንዳይጠይቁ ከለከለ። ለአንዳንድ ሥራዎች ግን ክልከላው አይሠራም።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ ድጋፍም አለ። የአሜሪካ የሠራተኛ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ ለእንደዚህ ያሉ ሠራተኞች ዋስትና ይሰጣል። በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ሠራተኛው ገንዘብ ወይም ዕቃ ቢሰርቅ፣ ዋስትናው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 5,000 ዶላር ይሸፍናል። ቀጣሪውም ሠራተኛውም ምንም አይከፍሉም።

እኛ እስረኛ ስንጠይቅ «እግዚአብሔር ያስፈታህ» እንላለን። ከተፈታ በኋላስ? የማውቀው አንድ ወጣት ሲፈታ «እንኳን ለቤትህ አበቃህ» የሚለው ሰው ጠፋ። ቤተሰቡ «ሌላ ከተማ ሲሠራ ቆይቶ ነው» ብሎ ደበቀው። ዘመድ ሁሉ ቢያውቅም እንዳላወቀ ሆነ። ስለዚህ ሥራ እንደሚፈልግ እንኳ ለማንም መናገር አልቻለም። በመጨረሻ የአባቱ ጓደኛ ለአንድ ባለ ጋራዥ «ልጁን አውቀዋለሁ፤ የታሰረበትንም አውቃለሁ፤ ቅጠረው» አሉለት። ተቀጠረ።

በአማርኛ ይህ «ዋስ መሆን» ይባላል። የመንግሥት ዋስትና የቀጣሪውን ገንዘብ ይጠብቃል። ልጁን በስሙ ጠርቶ «አውቀዋለሁ» የሚለው ግን ሰው ነው። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ወንድም ወይም አጎት ካለ፣ በምትኖሩበት ስቴት የሥራ ቢሮ ስለዚህ ዋስትና ጠይቁለት። ቅጹንም አብራችሁት ሙሉ።