ኢ3 ለምን ሞተ? የጌም ኤግዚቢሽኖች መነሳትና መውደቅ

ነፋስ ስልክ፣ ጀሞ ወይም ለቡ አካባቢ ፕሌይስቴሽን ቤት ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ሁለት ልጆች ፊፋ ይጫወታሉ፤ ከኋላቸው ስድስት ሰባቱ ተራ እየጠበቁ ይከራከራሉ። እስቲ ልጠይቃችሁ፦ አዲስ ጌም መውጣቱን መጀመሪያ የምትሰሙት ከየት ነው? ከዩቲዩብ ወይም ከቲክቶክ አይደል? የዓለማችንን ዝነኛ የጌም ኤግዚቢሽን የገደለው ይሄው መልሳችሁ ነው።

ኢ3 የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1995 በሎስ አንጀለስ ነው። እኛ እንደምናውቀው የበዓል ባዛር አልነበረም፤ በዋናነት የሚመጡት ነጋዴዎችና ጋዜጠኞች ነበሩ። ለምን? ያኔ ጌም ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ዕቃ ነው። ባለሱቁ ለገና ገበያ ስንት እንደሚያዝ ከወራት በፊት መወሰን አለበት። ተጫዋቹ ደግሞ ወሬውን የሚያገኘው ከመጽሔት ነው። ጌም ሠሪው በእነዚህ ሁለት በሮች ማለፍ ግድ ይለው ነበር። ኢ3 ሁለቱንም አንድ አዳራሽ ውስጥ አመጣለት።

እዚያ የሚነገር አንድ ቃል ገበያ ያናውጥ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ሴጋ የ«ሳተርን» ዋጋ 399 ዶላር መሆኑን አስታወቀ። በዚያው ቀን የሶኒ ኃላፊ መድረክ ላይ ወጥቶ «299» አለና ወረደ። የፕሌይስቴሽን ዋጋ ነበር!

ከዚያ በሮቹ አንድ በአንድ አላስፈላጊ ሆኑ። ጌም ከኢንተርኔት መውረድ ሲጀምር የባለሱቁ ትዕዛዝ ክብደት አጣ። ኒንቴንዶ ከ2011 ጀምሮ ዜናውን በራሱ ቪዲዮ ለተጫዋቹ ይነግር ጀመር። ሶኒ በ2019 ቀረ። የ2020ው ዝግጅት በኮቪድ ተሰረዘ፤ በ2023 መጨረሻ ኢ3 ጨርሶ መዘጋቱ ተነገረ።

ታዲያ ኤግዚቢሽን ሁሉ ሞተ ማለት ነው? አይደለም። ጀርመን፣ ኮሎኝ ከተማ የሚካሄደው ጌምስኮም በ2024 ከ330 ሺህ በላይ ሰው አስተናግዷል። ጌምስኮም ከጅምሩ ለተራው ተጫዋች ክፍት ነው፤ ኢ3 ግን ትኬት ለሕዝብ በይፋ የሸጠው በ2017 ነው። ቪዲዮ ዜናን ያደርሳል እንጂ ጌሙን እጃችሁ ላይ አያስቀምጥም።

ይሄ እኛን ምን አገባን? እዚሁ አዲስ አበባ ቅኔ ጌምስ ከአሳዳጇ የምትሮጥ ዶሮን «ኩኩሉ» በሚል የስልክ ጌም አድርጓታል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቷል። ዛሬ ጌም የሠራ ተማሪ ጎግል ፕሌይ ላይ 25 ዶላር አንዴ ከፍሎ ተመዝግቦ ማውጣት ይችላል። የድሮዎቹ ሁለት በሮች አያግዱትም። ግን በሩ የተከፈተው ለሁሉም ስለሆነ ከዚያ ሁሉ ጌም መሃል መታየት ነው ጭንቁ። ኤግዚቢሽን የሚሰጠው አንድ ነገር እዚህ ላይ ይጎድላል፦ በአጠገባችሁ ሲያልፍ ቆም ብሎ የሚሞክር ሰው።

ይሄን ለማግኘት ግን ሎስ አንጀለስ መሄድ አያስፈልግም። ጌም ከሠራችሁ ስልካችሁን ይዛችሁ ሰፈራችሁ ያለው ጌም ቤት ሂዱ። ተራ ለሚጠብቅ አንድ ልጅ ስጡትና ምንም ሳትናገሩ ተመልከቱት። የት ላይ ይስቃል? የት ላይ ሰልችቶት ይመልስላችኋል? ማስተካከል ያለባችሁ እዚያ ጋ ነው።