«እሺ» ከማለት በፊት መጠየቅ
ስለ ነርሶች፣ ስለ ልጆቻችንና ስለ ራሳችን



እኛ የጊቫት ሃሞሬ ነዋሪዎች ሕመም ሲጠናብን የምንሄደው እዚሁ አፉላ ወደሚገኘው የሃኤሜቅ ሆስፒታል ነው። ዛሬ በእስራኤል ሆስፒታሎች የነርስ ልብስ ለብሰው የሚያገለግሉ የእኛው ልጆች አሉ። ይህ ያኮራናል። ሆኖም የነርስነት ትምህርት የሚማሩ ወጣቶች ስለሚቸገሩበት አንድ ነገር ከእናንተ ጋር መወያየት እንፈልጋለን።

ችግሩ ዝምታ ነው። ልጆቻችንን ያሳደግነው ታላቅ ሲናገር ታናሽ ያዳምጣል፣ የታዘዘውንም «እሺ» ብሎ ይፈጽማል እያልን ነው። ይህ ጨዋነት ነው፤ የሚታፈርበት አይደለም። በሆስፒታል ግን ሐኪሙ ያዘዘው መድኃኒት ለበሽተኛው የሚሰጠው ብዙውን ጊዜ በነርሷ እጅ ነው። ሐኪሙ ደክሞት ቁጥር ቢሳሳት፣ ስሕተቱን ለማየት የመጨረሻው ዕድል የእርሷ ነው። አይታ በይሉኝታ ዝም ብትል የሚጎዳው በሽተኛው ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። አንድ የማይታወቅ ሰው «ሐኪም ነኝ» እያለ ለ22 ነርሶች በየተራ ስልክ ደውሎ፣ ለአንድ በሽተኛ 20 ሚሊግራም መድኃኒት እንዲሰጡ አዘዘ። በመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ግን በቀን ከ10 ሚሊግራም በላይ መስጠት እንደማይገባ ተጽፎ ነበር። በስልክ ትእዛዝ መቀበልም ክልክል ነበር። እንዲያም ሆኖ ከ22ቱ ነርሶች 21ዱ ሊሰጡ ተነሡ፤ በመንገድ ላይ ተይዘው ቆሙ። መድኃኒቱ ለፈተና የተዘጋጀ፣ ጉዳት የሌለው ነበር። የተማረ ሰው እንኳ በማዕርግ ፊት ዝም እንደሚል ከዚህ እንረዳለን።

በዕብራይስጥ «አሴርቲቪዩት» የሚሉት ለዚህ መድኃኒቱ ነው። ትርጉሙ መጮህ ወይም ሰውን መድፈር አይደለም። ሌላውን ሳያዋርዱ፣ ራስንም ሳይደብቁ፣ ያዩትን በግልጽ መናገር ማለት ነው። ነርሷ፦ «ዶክተር፣ ትእዛዙ 20 ይላል፤ እዚህ የተጻፈው ደግሞ 10 ነው። ከመስጠቴ በፊት አብረን እንየው» ብትል ማንንም አልሰደበችም። መልስ ካላገኘች ሁለተኛ ትናገራለች። አሁንም ካልተሰማች ወደ ክፍሉ ኀላፊ ነርስ ትሄዳለች። ልማዱ ሲጀመር ይከብዳል፤ ስለዚህ ተማሪዎች ቃሉን ጮክ ብለው እየደጋገሙ ቢለማመዱት ይጠቅማቸዋል።

ነገሩ ነርሶችን ብቻ አይመለከትም፤ በሽተኛውንም ይመለከታል። እኛ አክብረን «እሺ» ስንል፣ ሐኪሙ «ገብቶታል፣ ተስማምቷል» ብሎ ያልፋል። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የበሽተኛ መብት ሕግ ግን ከዚህ የበለጠ ይሰጠናል፦

— የሚያክመን ሰው ማን እንደ ሆነና ሥራው ምን እንደ ሆነ የማወቅ መብት፤
— ሕመሙ፣ ሕክምናው፣ ሊያስከትል የሚችለው ጉዳትና ሌላ አማራጭ በሚገባን መንገድ እንዲነገረን፤
— የሌላ ሐኪም አስተያየት የመጠየቅ መብት፤
— የሕክምና መዝገባችንን ቅጂ የማግኘት መብት።

ደግሞም የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ፣ የጤና ተቋማት አገልግሎታቸውን በቋንቋና በባህል ለበሽተኛው ተስማሚ እንዲያደርጉ አዟል። ስለዚህ አስተርጓሚ መጠየቅ ልመና አይደለም። ትንሽ ልጅን ግን አስተርጓሚ አናድርግ፤ ልጁ የእናቱን ሕመም ሲሰማ ይደነግጣል፣ የከበደውንም ቃል ዘሎ ያልፋል።

ዕብራይስጥ ገና ለሆነባችሁ ይህችን ዐረፍተ ነገር ያዙ፦ «ሎ ሄቫንቲ። ታስቢሪ ሊ ሹቭ፣ በቫካሻ።» «አልገባኝም፤ እባክሽ እንደገና አስረጂኝ» ማለት ነው። ለወንድ «ታስቢር ሊ» ይባላል። ወደ ሐኪም ስትሄዱም የምትጠይቁትን ከቤት በአማርኛ ጽፋችሁ ሂዱ።

ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ በቤት ውስጥ «ለምን?» ብላ ስትጠይቅ ባለጌ ናት አትበሉ። አነጋገሯን አርሙ፤ ጥያቄዋን ግን አትዝጉባት። ነገ በሰው ሕይወት ላይ የምትጠይቀው ያንኑ ጥያቄ ነው። «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት አለን፤ አባቶቻችን ደግሞ «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ብለዋል። በሆስፒታል የሚጠቅመን ሁለተኛው ነው።