«ቁጥሩን ያንብቡልኝ»

ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ነሐሴ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ኔትወርኩን ለሙከራ መጀመሪያ የከፈተው ድሬዳዋ ላይ ነበር። የኢትዮ ቴሌኮሙ የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር ቀደም ብሎ በግንቦት 2013 ሥራ ጀምሮ ነበር፤ የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ተከተለ። ብሩ ከመቀነት ወጥቶ ስልክ ውስጥ ገባ። ኪስ አውላቂውም ተከትሎት ገባ።

አንዲት የድሬዳዋ የቀፊራ ገበያ ቲማቲም ነጋዴ እንውሰድ። የቀትሩ ሙቀት ገበያውን አቀዝቅዞታል፤ ስልኳ ይጮኻል። «ጤና ይስጥልኝ ደንበኛችን፤ ከዋናው መሥሪያ ቤት ነው የምደውልልዎት። ሽልማት ወጥቶልዎታል። አሁን አጭር መልእክት ይገባልዎታል፤ ቁጥሩን ያንብቡልኝ።» ድሬ ሽማግሌውም ጎረምሳውም «አንተ» እየተባባለ የሚግባባበት ከተማ ነው፤ «እርስዎ» ሲባል ቢሮ ቢሮ ይሸታል። ነጋዴዋ የምትታለለውም በዚያ ሽታ ነው።

መልእክቱ በእርግጥ ይገባል፤ የላከውም እውነተኛው ድርጅት ነው። ሌባው እያወራት በራሱ ስልክ ላይ የእሷን ቁጥር አስገብቶ «ልግባ» ብሏል። ሲስተሙ ደግሞ ባለቤትነቷን ለማረጋገጥ ኮድ ወደ እሷ ልኳል። የጎደለችው ያቺ ቁጥር ናት፤ ቁጥሯን ካነበበችለት በሩን የከፈተችለት ራሷ ነች። በሰው ቋንቋ እንጂ በኮምፒዩተር ብልሃት ያልተሠራ ስርቆት ነው። ፊሺንግ የሚባለው ይኸው ነው፤ ስሙም ዓሣ ማጥመድ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ነው።

ቴሌግራም ላይ መንጠቆው መልኩን ይቀይራል። ከሚያውቁት ሰው «ለዚህች ልጅ ድምፅ ስጡልኝ» የሚል ሊንክ ይመጣል። ሲከፈት ስልክ ቁጥር ይጠይቃል፤ ቀጥሎ ቴሌግራም የሚልከውን ባለ 5 አኃዝ ኮድ። የሞላ ሰው አካውንቱን አስረከበ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በእሱ ስም ለወዳጅ ዘመዱ «እስከ ነገ ብር አበድረኝ» የሚል መልእክት መዝነብ ይጀምራል፤ ሊንኩም ወደ ሌሎች ይተላለፋል።

በዚህ መንጠቆ የሚጠመደው የገበያ ሰው ብቻ አይደለም። በ2009 ዓ.ም. መስከረም፣ ከቢሾፍቱው የኢሬቻ በዓል ዕልቂት በኋላ፣ በወቅቱ በውጭ አገር ሆኖ የኦሮሚያ ሚዲያ ኔትወርክን ይመራ ለነበረው ለጃዋር መሐመድ ኢሜይል ደረሰው። ሊንኩ ኢስትአፍሮ የተባለውን የኤርትራ ቪዲዮ ድረ ገጽ ወደሚመስል ገጽ ያደርሳል፤ ገጹም «ቪዲዮውን ለማየት አዶቤ ፍላሽን ያድሱ» ይላል። «ማደሻው» የስለላ ሶፍትዌር ነበር። የእውነተኛው አድራሻ መጨረሻ «ዶት ኮም» ሲሆን የሐሰተኛው «ዶት ኔት» ነበር፤ ሌላው ሁሉ አንድ ነበር። ጃዋር ኢሜይሉን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲቲዝን ላብ አስተላለፈ፤ ተመራማሪዎቹም የስለላ ዘመቻውን ኅዳር 2010 ላይ ይፋ አወጡት።

ሌባው የይለፍ ቃሉን በመገመት የሚገባበት ጊዜም አለ፤ ግምቱ ደግሞ ብዙ አያደክመውም። እ.ኤ.አ. በ2009 ሮክዩ ከተባለ የአሜሪካ ኩባንያ 32 ሚሊዮን የይለፍ ቃሎች ሾልከው ሲወጡ 290,731 ሰዎች «123456»ን መርጠው ተገኙ። ባለ 4 አኃዝ ፒን 10,000 አማራጭ ቢኖረውም የልደት ዓመቱን ፒን ያደረገ ሰው ለሚያውቀው ሌባ የሚተወው ሁለት ግምት ነው፦ አንዱ በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጆቹ።

«ትልቅ ፊደል፣ ቁጥርና ምልክት ቀላቅል» የሚለው ምክር በሰፊው የተሰራጨው የአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ባልደረባ ቢል በር እ.ኤ.አ. በ2003 ባዘጋጀው መመሪያ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2017 በጻፈው ነገር መጸጸቱን ተናገረ፤ ሰው «ኤ»ን በ«@» ተክቶ ሲያበቃ መልሶ የሚረሳውን ቃል ይፈጥር ነበርና። ተቋሙም ያኔ መመሪያውን ለወጠ። ዋናው ነገር ርዝመት ነው። በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ብቻ የተጻፈ ባለ 8 ፊደል ቃል 209 ቢሊዮን ያህል አማራጭ አለው፤ በ12 ፊደል ግን ቁጥሩ ከ95 ሺህ ትሪሊዮን ይበልጣል።

እዚህ ላይ ድሬ ዕድለኛ ናት። አማርኛው፣ ኦሮምኛው፣ ሶማልኛው፣ ባቡሩ ጥሎት የሄደው ፈረንሳይኛ፣ ሁሉም በአንድ አፍ ይገናኛል። «ሸመንደፈር ቢሻን ባሪስ ጃንጥላ» የሚል ሐረግ በእንግሊዝኛ ፊደል ቢጻፍ 30 ፊደል ገደማ ይሆናል፤ አራቱ ቃላት ከአራት ቋንቋ የመጡ ናቸውና በአንድ ቋንቋ መዝገበ ቃላት የሚገምት ፕሮግራም አያገኛቸውም፤ የድሬ የሠፈር ልጅ ግን አይረሳቸውም። (ይህኛው አሁን ታትሟልና ሌላ መምረጥ ግድ ነው። ተረትና ምሳሌም አይሆንም፤ ሁሉም ያውቀዋል።) የኢሜይሉ ሐረግ የፌስቡኩ መሆን የለበትም፤ አንዱ ቢሾልክ ሌላው አብሮ ይሄዳልና።

ያም ሆኖ 30 ፊደል ያለው ሐረግ ኮዱን በአፏ ያነበበችውን ነጋዴ አያድናትም። ለዚያ የሚበጀው ስልኩን ዘግቶ በራስ ወደ ኢትዮ ቴሌኮም 994 ወይም ወደ ባንኩ በሚታወቀው ቁጥር መደወል ነው። ቴሌግራም ላይ ደግሞ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ማብራት፤ ያኔ ኮዱ ቢያመልጥ እንኳ የባለቤቱ ሐረግ ይቀራል። አካውንቱ የተወሰደበት ሰው ቶሎ ወደ ሴቲንግ ገብቶ የማያውቀውን መሣሪያ ያስወጣ፤ አዲስ የገባው የቆየውን ወዲያው ማባረር አይፈቀድለትምና የመጀመሪያዎቹ ሰዓታት የባለቤቱ ናቸው። ድርጊቱ በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 የሚያስቀጣ ስለሆነ የመልእክቶቹን ስክሪንሾት ይዞ ወደ ፖሊስ መሄድም ይገባል።

የተሰረቀው አካውንት «እባክዎ 5,000 ብር ይላኩልኝ» ብሎ የጻፈላት የከዚራ ሠፈር ጓደኛ ግን ማንንም ማማከር ላያስፈልጋት ይችላል። ልጅነታቸውን አብረው ያሳለፉት ሰው «እርስዎ» ብሏት አያውቅም። ትደውልለታለች፦ «አቦ፣ አንተ ነህ?»