ውሮን ምን አሳከካት?

አራተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር፣ ከበሩ ደፍ ወጥታ የማታውቅ ድመት ሆዷ ተመልጦ ሲገኝ ባለቤቷ መጀመሪያ የሚለው ይታወቃል፤ «ከየት አምጥታ?» ውጭ አትወጣ፣ ከጎረቤት ድመት ጋር አትጣላ፣ ቆሻሻ ውስጥ አትገባ። ቤት መዋል ከመኪናና ከውሻ ንክሻ እንደሚያድናት እውነት ነው። ከአለርጂ ግን አያድናትም። የሚያሳክካት ነገር ብዙውን ጊዜ ምንጣፉ ላይ፣ ፍራሹ ውስጥ ወይም የምግብ ሳህኗ ላይ ስለሆነ 24 ሰዓት አብራው ትውላለች፣ አብራው ታድራለች።

ውሻ ሲያሳክከው ቤተሰቡ ሁሉ ይሰማል፤ በእግሩ ወለሉን እየደበደበ ያካል፣ ከሶፋው ጋር ይታከካል። ድመት ግን እከኳን በአብዛኛው የምትወጣው በምላሷ ነው። ጤነኛዋም ድመት ከነቃችበት ሰዓት ሰፊውን ክፍል ራሷን በመላስ ስለምታሳልፍ፣ ሲበዛባት ማንም ልብ አይላትም፤ እንዲያውም «እንዴት ያለች ንጹሕ ናት» ተብላ ትመሰገናለች። ብዙዎቹ ደግሞ አልጋ ሥር ገብተው፣ ሰው ሲተኛ ነው የሚልሱት። የድመት ምላስ ወደ ኋላ የታጠፉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሹል እሾሆች አሉት፤ የተሠሩትም ከኬራቲን፣ ማለትም ጥፍር ከተሠራበት ነገር ነው። የአሜሪካው ጆርጂያ ቴክ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት የእሾሆቹ ጫፍ ጎድጓዳ ስለሆነ ምራቅ ቀድቶ እስከ ቆዳዋ ድረስ ያደርሳል። ለገላ ማጽጃነት ድንቅ ነገር ነው። ሲያሳክካት ግን ይኸው ምላስ ጠጉሯን ከቆዳው አጠገብ ይበጥሰዋል።

ስለዚህ «ጠጉሯ ረገፈ» ተብላ ሐኪም ቤት የምትቀርብ ድመት ብዙ ጊዜ ጠጉሯ አልረገፈም። የእንስሳት ሐኪሙ ጥቂት ጠጉር ነቅሎ በማይክሮስኮፕ ይመለከታል፤ ጫፉ እየቀጠነ የሚያልቅ ከሆነ በራሱ የረገፈ ነው፣ ጫፉ ከተሰባበረ ግን እየላሰች የቆረጠችው ነው። ደቂቃዎች የሚፈጅ ምርመራ ሆኖ ብዙ ክርክር ይዘጋል። ሌላው የተለመደ የችኮላ ፍርድ «ጭንቀት ነው» የሚለው ነው። በ2006 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት ከጭንቀት የተነሳ ራሳቸውን ይመልጣሉ የተባሉ 21 ድመቶችን እንደገና ከሥሩ መረመረ። 16ቱ የአካል ሕመም ተገኘባቸው፤ በዋነኛነትም ለምግብ የሚነሳ አለርጂ። ጭንቀት ብቻ ሆኖ የቀረው 2ቱ ላይ ሲሆን በቀሩት 3 ላይ ሁለቱም ተደርበው ነበር።

አለርጂው በአራት መልክ ብቅ ይላል። አንዷ ድመት ሆዷንና የጭኗን ውስጥ በሁለቱም ጎን እኩል ትመልጠዋለች፤ ቆዳው ግን ደህና ይመስላል። ሌላዋን ጀርባዋንና አንገቷን ሲዳብሷት ከጠጉሩ ሥር ዳጉሳ የተበተነ ይመስል ቅርፊት የያዙ ጥቃቅን እብጠቶች እጅ ላይ ይሻክራሉ። ሦስተኛዋ ፊቷንና ጆሮዋን እስኪደማ ትቧጥጣለች። አራተኛዋ የላይኛው ከንፈሯ ይቆስላል፣ ወይም ሆዷ ላይ ቀላ ያለና የረጠበ ጠፍጣፋ እብጠት ይወጣባታል። የከንፈሩ ቁስል ለዓይን ያስፈራል እንጂ ድመቲቱ ብዙ ጊዜ ልብም አትለው። ችግሩ፣ አራቱም መልኮች ከማንኛውም መንስኤ ሊመጡ መቻላቸው ነው። ቁስሉን አይቶ «ይሄ የምግብ ነው፣ ያ የአቧራ ነው» የሚል ሰው ካለ ገምቶ ነው። መንስኤው የሚገኘው ተጠርጣሪዎችን በተራ እያስወጡ ነው፤ ተራ መዝለል ደግሞ ወራት ያስከፍላል።

ተራው የሚጀምረው ከቁንጫ ነው። «እኛ ቤት ቁንጫ የለም» የሚለው መልስ ሐኪሙን እምብዛም አያሳምነውም፤ አለርጂ ያለባት ድመት ቁንጫውን እየለቀመች ስለምትውጠው ገላዋ ላይ ላይገኝ ይችላል። የሚያሳክካት ቁንጫው ደም ሲመጥ የሚተፋው ምራቅ ስለሆነም በጣት የሚቆጠር ንክሻ ይበቃታል። ቤት ውስጥ ሊሞከር የሚችል ምርመራ አለ፤ ድመቲቱን ነጭ ወረቀት ላይ አቁሞ ጥርሱ በተጠጋጋ ማበጠሪያ ማበጠር፣ ከዚያ የረገፈውን ጥቁር ብናኝ በውሃ ማራስ። ብናኙ ዙሪያውን ወደ ቀይ ቡናማ ከቀየረ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ቀለሙ ቁንጫው የጠጣው ደም ነው። ወረቀቱ ንጹሕ ሆኖ ቢገኝ ግን ቁንጫው ነጻ ወጣ ማለት አይደለም። የቆዳ ሐኪሞች ምንም ሳያገኙም የቁንጫ መድኃኒት የሚያዙት ለዚህ ነው።

አራተኛ ፎቅ ድረስ እንዴት ወጣ ለሚለው፣ የእንግዳ ውሻ፣ በደረጃው የሚመላለስ አይጥ ወይም የሰው ሱሪ ይበቃዋል። አንዴ ከገባ በኋላ ያለው ኑሮው ነው አስቸጋሪው። ሴቷ ቁንጫ ደም ከጠጣች በ2 ቀን ውስጥ እንቁላል መጣል ትጀምራለች፤ በቀን እስከ 40 እና 50 ትጥላለች። እንቁላሉ ስለማይጣበቅ ድመቲቱ በተኛችበት ሁሉ ይንጠባጠባል። እጩ ብርሃን ይሸሻል፤ ምንጣፍ ሥር፣ ወለል ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ትልልቆቹ የጣሉትን የደረቀ ደም እየበላ ያድግና ሽፋን ፈትሎ ይሸሸግበታል። እዚያ ውስጥ ወራት ሊቆይ ይችላል። የሚቀሰቅሰው የእርምጃ ንዝረት፣ የገላ ሙቀትና ትንፋሽ ነው፤ ተዘግቶ የከረመ ቤት ሲከፈት ቁንጫ እግር ላይ የሚረባረበውም በዚሁ ምክንያት ነው። በአንድ ቤት ካለው የቁንጫ ዘር ሁሉ ገላ ላይ ያለው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ እንደሆነ ይገመታል። ድመቲቱን አንድ ቀን አክሞ «አልሠራም» ማለት ስለዚህ ፍትሐዊ አይደለም። መድኃኒቱ ለቤቱ እንስሳ ሁሉ፣ በየወሩ፣ ቢያንስ ለ3 ወር መቀጠል አለበት፤ የምትተኛበት ጨርቅ በ60 ዲግሪ ውሃ ይታጠባል፣ ምንጣፉም በየጊዜው በደንብ ይጠረጋል።

ከቁንጫ ቀጥሎ ማይት የሚባሉ እከክ አምጪ ጥቃቅን ተባዮችና ጭርት ይጣራሉ። ጭርት ፈንገስ ሆኖ ሳለ አለርጂ መስሎ ይመጣል፤ ከድመት ወደ ልጆች ስለሚተላለፍም ችላ አይባልም። የተለከፈው ጠጉር በጨለማ ክፍል አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት ብዙ ጊዜ አረንጓዴ ያበራል። ሐኪሙ ይህን ሳያጣራ እከክ የሚያስታግሰውን ኮርቲዞን ከሰጠ ፈንገሱን ያደልበዋል።

አሁን ተራው የምግብ ነው፤ ትዕግሥት የሚያልቀውም እዚህ ላይ ነው። ለምግብ አለርጂ የሚሸጡ የደምና የምራቅ ምርመራዎች አሉ፤ የሚታመኑ ስላልሆኑ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ማዋል ይሻላል። የታመነው መንገድ አንድ ነው፤ ድመቲቱ በልታ የማታውቀውን አንድ የፕሮቲን ዓይነት ብቻ ለ8 ሳምንት መመገብ። 56 ቀን ማለት ነው፣ ከዐቢይ ጾም በ1 ቀን ይበልጣል። እንደ ጾሙ ሁሉ እዚህም «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር የለም። ልጅ ከጠረጴዛ ሥር ያቀበላት ቁራሽ፣ የወተት ጠብታ፣ ሥጋ ሥጋ እንዲል ተደርጎ የተሠራ ክኒን እንኳ ቆጠራውን ያፈርሰዋል። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ የጥናቶች ግምገማ እንዳሳየው የምግብ አለርጂ ካለባቸው ድመቶች በ6 ሳምንት 80 በመቶው፣ በ8 ሳምንት ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ለውጥ ያሳያሉ። በ3 ሳምንት ተስፋ የቆረጠ ሰው እንግዲህ ምንም አልሞከረም።

በታተሙት መረጃዎች ላይ ከፊት የሚሰለፉት የበሬ ሥጋና ዓሣ ናቸው፤ ዶሮ ይከተላል። እህል የሚወቀሰውን ያህል ጥፋተኛ አይደለም። ከሥጋ ቤት የበሬ ሳንባ እየተገዛላት ያደገች ድመት ተጠርጣሪዋ ግልጽ ነው። በበግ ወይም በፍየል መተካት ብልህነት ይመስላል፤ ሦስቱም አመንዣኪ ስለሆኑ ግን ፕሮቲናቸው ይቀራረባል፣ ሰውነቷም ላይለያቸው ይችላል። የውጭ አገር ሐኪሞች የሚያዙት ጥንቸል፣ አሳማ ወይም የፈረስ ሥጋ ነው። የትኛው የኢትዮጵያ ማዕድ ቤት ነው ይህን ለድመት ብሎ የሚቀቅለው? ባሕር ማዶ ያለው ወገናችን ጥንቸሉን በቆርቆሮ ታሽጎ ስለሚያገኘው ቢያንስ ድስቱን አያስነካም። ሌላው አማራጭ ሃይድሮላይዝድ የሚባለው በሐኪም የሚታዘዝ ምግብ ነው፤ ፕሮቲኑ በኢንዛይም ተቆራርጦ የሰውነት መከላከያዋ ሊያውቀው እስከማይችል ድረስ አንሷል። ውድ ነው፤ ሆኖም ከግምት ያድናል።

በዚህ ሙከራ ላይ ሁለት ጥንቃቄ አለ። ድመትን «ሲርባት ትበላለች» ብሎ መተው አይቻልም፤ በተለይ ወፍራም ድመት ለ2 እና 3 ቀን ምግብ ከከለከሏት ጉበቷ በስብ ተሞልቶ ሊገድላት ይችላል። አዲሱ ምግብ ከአሮጌው ጋር ቀስ በቀስ እየተቀላቀለ ይለወጥ፤ ቆጠራው የሚጀምረው አሮጌው ፈጽሞ ሲቀር ነው። ቤት የሚዘጋጅ ምግብ ከሙከራው በኋላ የሚቀጥል ከሆነም ታውሪን ይጨመርበት፤ ታውሪን ያጣች ድመት ዓይኗም ልቧም ይጎዳል። ሲሻላት ደግሞ የቀድሞው ምግብ መልሶ ይሰጣታል። ይህን የሚወድ ሰው የለም፤ ደህና የሆነችን ድመት ማሳመም ይመስላል። ነገር ግን በ2 ሳምንት ውስጥ እከኩ ካልተመለሰ ያዳናት ምግቡ አልነበረም ማለት ነው፤ ሳይረጋገጥ ዕድሜ ልክ ውድ ምግብ ከመግዛት የአንድ ሳምንት እከክ ይቀላል።

ይህ ሁሉ ታልፎ እከኩ ካልለቀቀ የሚቀረው አየርና አቧራ ነው፤ የአበባ ብናኝ፣ ሻጋታ፣ ከሁሉም በላይ የቤት አቧራ ማይት። ይህ በዓይን የማይታይ ባለ 8 እግር ፍጥረት ከሰው ገላ በሚረግፍ ቅርፊት ይኖራል፤ ውሃ አይጠጣም፣ እርጥበት የሚስበው ከአየሩ ነው። የአየሩ እርጥበት ከ50 በመቶ በታች ሆኖ ከቆየ ይደርቃል። ስለዚህ ቤቱን ማናፈስ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ በሙቅ ውሃ ማጠብ፣ ፍራሹን ማይት በማያሳልፍ ጨርቅ መሸፈን ለሁለቱም ይጠቅማል። ለሁለቱም ያልኩት ይኸው ማይት ሰውንም የሚያስነጥስ፣ አስም የሚቀሰቅስ ስለሆነ ነው፤ «ድመቷ ናት አለርጂ የሆነችብኝ» የሚለው ባለቤትና የምትታከከው ድመት በአንድ ፍራሽ ሊታመሙ ይችላሉ። በድመቶች ላይ ይህ ዓይነቱ አለርጂ ብዙ ጊዜ በወጣትነት ይጀምራል። ይበዛባቸዋል ከሚባሉት ዝርያዎች አንዱ አቢሲኒያን ነው፤ ስሙ ቢያኮራንም የዘር ምርመራ ዝምድናውን የሚያሳየው ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ድመቶች ጋር ነው። የአንዳንዶቹ አለርጂ ደግሞ ቆዳ ላይ አይቆምም፤ አስምም ይሆናል። እየሳለች አንገቷን ወደ ወለሉ የምትዘረጋ ድመት ባለችበት ክፍል እጣን ባይጨስ ይሻላል።

የአየርና የአቧራው አለርጂ እንደ ቁስል ታክሞ አያልቅም። አንድ መርፌ ተወግታ በማግሥቱ ማከክ ያቆመች ድመት ባለቤቷን ታስደስታለች፤ መርፌው ግን ብዙ ጊዜ ለሳምንታት የሚሠራ ኮርቲዞን ነው፣ እየተደጋገመ ሲሄድ የስኳር በሽታ ሊያመጣባት ይችላል። ሐኪሞች የሚመርጡት በየቀኑ ተሰጥቶ እየተቀነሰ የሚሄደውን ፕሬድኒሶሎን ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይክሎስፖሪን አለ፤ ውጤቱ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል፣ የሰውነት መከላከያዋን ስለሚያዳክምም በላዩ ላይ ጥሬ ሥጋ አይሰጣትም። ቁርጥ ሲቆረጥ ለድመቷም መወርወር ልማድ በሆነበት ቤት ይህ በደንብ ሊነገር ይገባል፤ በጥሬ ሥጋ የሚመጣው ቶክሶፕላዝማ እንዲህ ያለችውን ድመት ሊገድል ይችላል። የአለርጂ ምርመራ እዚህ ደረጃ ላይ ነው ጥቅም የሚኖረው፤ የሚያሳክካትን ነገር በጥቂት በጥቂቱ እየወጉ ሰውነቷን ለማለማመድ ምን እንደሚቀመም ይጠቁማል። ማለማመዱ ወራት ይፈልጋል፤ ከሁሉም መድኃኒት ግን ጉዳቱ አነስተኛው እሱ ነው።

ከእከኩ የከፋ አደጋ የሚመጣው ከመልካም አሳቢው ባለቤት እጅ ነው። የድመት ጉበት መርዝ የሚያስወግድበት አንዱ ዋና መንገድ ደካማ ስለሆነ ውሻና ሰው የሚቋቋሙትን አትቋቋምም። ለውሻ የሚሸጠው ፐርሜትሪን ያለበት የቁንጫ መድኃኒት ጀርባዋ ላይ ጠብ ሲል ያንቀጠቅጣታል፣ ይጥላታል፤ የተቀባ ውሻ አጠገብ መተኛቷ እንኳ ሊመርዛት ይችላል። ተሳስቶ የቀባ ሰው ለብ ባለ ውሃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና አጥቦ ወዲያው ወደ ሐኪም ይውሰዳት። ፓራሲታሞል አንድ ክኒን ሊገድላት ይችላል። ለአለርጂ ተብሎ የሰው የጉንፋን ክኒን መስጠትም ያስፈራል፤ ብዙዎቹ ውስጥ ይኸው ፓራሲታሞል አለ። ቅባት ደግሞ የተቀባውን ሁሉ ልሳ ስለምትውጠው ለቆዳዋ የታሰበው ሆዷ ውስጥ ያድራል።

ብዙዎቹ አለርጂ ያለባቸው ድመቶች የሚያሳክካቸው አንድ ነገር ብቻ አይደለም። አቧራውን ችላ የምትኖር ድመት ጥቂት ቁንጫ ሲጨመርባት ከአቅሟ በላይ ይሆንባትና ሆዷን እንደገና ትመልጣለች። ስለዚህ ለወራት ሰላም የነበረች ድመት በድንገት መላስ ስትጀምር መድኃኒት ከመለወጥና አዲስ ምግብ ከመግዛት በፊት ሐኪሙ የሚጠይቀው የቁንጫ መድኃኒቷ ለመጨረሻ ጊዜ የተደረገላት መቼ እንደሆነ ነው።